በቶፖ ካርታ ላይ ፎልት እንዴት ይነበባል? ከፍልውሃ እስከ እንጦጦ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ከከረመ ወዲህ፣ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ፎልቱ በእኛ ሰፈር ያልፋል ወይ?» የታክሲ ረዳት ጠይቆኛል፤ የጎረቤቴ ልጅ ጠይቃኛለች፤ ካዛንቺስ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬም ጠይቃኛለች። ወደ እኔ የሚመጡት ሥራዬን ስለሚያውቁ ነው። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን አስቆፍሬ የሚወጣውን ዐለት አያለሁ። ጥያቄውን በአንድ ቃል አልመልስም፤ ካርታ አወጣለሁ። ካርታውን ራሱ ማንበብ የቻለ ሰው ቲክቶክ ላይ በቀይ የተሰመረ መስመር ባየ ቁጥር እንቅልፍ አያጣም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ያን ሰሞን አዲስ አበባን ያወዛወዛት ከሥሯ ያለ ፎልት አይደለም። መነሻው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ ነው። ከመስቀል አደባባይ በቀጥታ መስመር ብንለካ ወደ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚያ ከመሬት በታች ማግማ (የቀለጠ ዐለት) ዐለቱን እየሰነጠቀ ሲገባ በዙሪያው ያሉት ፎልቶች ተንቀሳቀሱ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የመጣው መንቀጥቀጥ በመጠን 5.7 ገደማ ነበር። እኛ ጋ የደረሰው ሞገዱ ነው። ስለዚህ ቤት መወዛወዙ ብቻውን «ከሥር ፎልት አለ» ለማለት አያበቃም።

ፎልት የምንለው ዐለት ተሰብሮ፣ ከስብራቱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ከቦታው ሲንቀሳቀስ ነው። መሰበርም መንቀሳቀስም አብረው መገኘት አለባቸው። ተሰብሮ ያልተንቀሳቀሰ ዐለት በከተማችን ሞልቷል፤ ላቫ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይሰነጣጠቃል። የግድግዳ መሰንጠቅ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰበሰባል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከዚህ አፈር ጋር አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከዚያ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። «የመሬት መንቀጥቀጡ ነው» ተብዬ ተጠርቼ ከሄድኩባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ አፈር ነው።

በእኛ አገር አብዛኛው ፎልት አንዱ ወገን ወደ ታች የተንሸራተተበት ዓይነት ነው። ምክንያቱ መሬቱ መለጠጡ ነው። ከስምጥ ሸለቆው በምዕራብ ያለው የኑቢያ ፕሌት (ግዙፍ የመሬት ቅርፊት ክፍል) እና በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ፕሌት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሲራራቁ መካከሉ ይሰምጣል። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በዚህ ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ግን እዚህ እንደ ጣርማ በር ድንገት የሚወርድ ገደል አይደለም። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ደብረ ሲና ብታዩ መሬቱ የተቆረጠበት ቦታ ያስታውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ግን ጠርዙን ሳያውቀው ያልፈዋል። ካርታ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው። ዓይን በአንድ ጊዜ የማያየውን ቀስ ያለ ቁልቁለት ካርታው ሰብስቦ ያሳያል።

ካርታውን ማግኘት

የሚያስፈልገን 1፡50,000 ቶፖ ካርታ ነው፤ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳይ ካርታ ማለት ነው። ድሮ «ካርታ ሥራዎች» እንለው የነበረው መሥሪያ ቤት ሥራ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ አጽፋችሁ ብትሄዱ ምልልስ ይቀንስላችኋል።

አንዱ ሺት፣ ማለትም አንዱ የካርታ ቅጠል፣ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ (ሩብ ዲግሪ በሩብ ዲግሪ) ነው የሚሸፍነው። በመሬት ላይ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። የአዲስ አበባ ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። የሰሜን 9 ዲግሪ መስመርና የምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ መስመር የሚገናኙት መሃል ከተማ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት እንደሄዳችሁ ማለት ነው። ሺቶቹ የሚቆረጡት በእነዚህ መስመሮች ላይ ስለሆነ ከተማዋ አራት ቦታ ትከፈላለች። መርካቶ በምዕራቡ ሺት ላይ ትቀራለች፤ ጎተራ በደቡቡ። ደግነቱ ለዛሬው ሥራችን የምንፈልጋቸው ፍልውሃ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና እንጦጦ ማርያም ሁሉም በሰሜን ምሥራቁ ሺት ላይ ናቸው። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ እሱን ግዙ።

ዋናውን ካርታ አትጻፉበት። አራት ኪሎ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ በሙሉ መጠኑ አስገልብጡትና በኮፒው ላይ ሥሩ። መጠኑ እንዳይቀየር ግን ተጠንቀቁ። ካርታው ግርጌ ያለውን የርቀት መለኪያ በማስመሪያ ለኩት። አንድ ኪሎ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ካልመጣ ኮፒው ተስቧል ወይም አንሷል ማለት ነው። መልሱላቸው።

ከዚህ ሌላ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ትሬሲንግ ፔፐርና ሚሊ ሜትር ወረቀት ያዙ። ኮምፓስ ካላችሁ ጥሩ፤ የስልክ ኮምፓስም ለመነሻ ይበቃል። የስልካችሁን ጂፒኤስ ስትጠቀሙ ግን አንድ ነገር አትርሱ። የድሮዎቹ ሺቶች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት ነው፤ ስልካችሁ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው የሚጠቀመው። በእኛ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ይመጣል። ካርታው ላይ ወንዙ ዳር ያላችሁ መስሏችሁ በእውነት ጋራው ወገብ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። መተግበሪያው ላይ አዲንዳን የሚለውን ከመረጣችሁ ችግሩ ያበቃል።

መስመሮቹን ማንበብ

ኮንቱር ማለት ከባሕር ጠለል እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። በአንዱ መስመር ላይ ብትሄዱ አትወጡም፣ አትወርዱም። በእኛ ሺት ላይ በጎረቤት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። አምስተኛው መስመር ሁሉ ወፍራም ነው፤ ከአንዱ ወፍራም እስከ ሌላው ወፍራም 100 ሜትር ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ህዳጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ አረጋግጡ።

አሁን መስቀል አደባባይን ፈልጉ። 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ እርሳሳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ውሰዱ። እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ መስመሮቹ ራቅ ራቅ ብለው ነው የሚመጡት። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን ይጠጋጋሉ። እንጦጦ ላይ 3,000ን ያልፋሉ። በእግሩ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ጉልበቱ ነግሮታል፤ ካርታው ደግሞ በቁጥር ይነግረዋል።

ቁጥሩን እንዲህ አስሉት። በ1፡50,000 ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። በሁለት ወፍራም መስመሮች መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ካለ በ500 ሜትር ጉዞ 100 ሜትር ትወጣላችሁ፤ 20 በመቶ ዳገት ነው። ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ በ100 ሜትር 100 ሜትር ነው። ይህ 45 ዲግሪ ነው፤ ሰው በእጁም በእግሩም የሚወጣው ዓይነት።

ወንዝና ሸንተረር መለየት ቀጥሎ ይመጣል። ይህን ያልለየ ሰው ፎልት መፈለግ የለበትም። ቀበና ወንዝ ላይ ተለማመዱ። ኮንቱሮቹ ወንዙን ሲሻገሩ ሹል ጫፍ ይሠራሉ፤ ጫፉ የሚያመለክተው ወንዙ ወደሚመነጭበት፣ ወደ እንጦጦ ነው። በሸንተረር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጫፉ ወደ ታች፣ ወደ ደቡብ ያያል። እጃችሁን ዘቅዝቃችሁ ጣቶቻችሁን ብትዘረጉ የመሃል አዲስ አበባ መልክ ይወጣል፦ መዳፉ እንጦጦ፣ ጣቶቹ ሸንተረሮች፣ በጣቶቹ መካከል ወንዞች። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ ይወጣል። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚሄደው ግንፍሌ ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ቀበና ላይ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ይህን መንገድ መጀመሪያ በጣታችሁ ካርታው ላይ ሂዱት። ከዚያ በእግራችሁ ሂዱት። የቱ መታጠፊያ የትኛው መስመር እንደሆነ ስታውቁት ካርታው ከወረቀትነት ያልፋል።

ፕሮፋይል፣ ማለትም መሬቱን ከጎን የሚያሳይ ሥዕል፣ መሥራትንም አትዝለሉት። ከእንጦጦ ማርያም እስከ መስቀል አደባባይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። የወረቀት ጠርዝ መስመሩ ላይ አስደግፋችሁ፣ እያንዳንዱ ወፍራም ኮንቱር የሚያርፍበትን ምልክት አድርጉ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ምልክቶቹን ወደ ሚሊ ሜትር ወረቀት አውርዱና ከፍታውን 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር እያደረጋችሁ ነጥቦቹን አገናኙ። ቁመቱን ከአግድሙ አምስት እጥፍ ስላጋነናችሁት ዳገቱ ከእውነተኛው በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህን ጥግ ላይ ጻፉበት። አለበለዚያ ነገ ያየው ሰው ገደል አለ ብሎ ይደነግጣል። በዚህ ፕሮፋይል ላይ መሬቱ በድንገት የሚሰበርበትን ቦታ በቀይ ክበቡት። አሁን ፎልት ልንፈልግ ተዘጋጅተናል።

ፎልት ካርታ ላይ ምን ይመስላል?

ከሁሉ የሚቀድመው ምልክት ቀጥተኛነት ነው። ውሃ የቀረጸው ገደል ይጣመማል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ፎልት የሠራው ቁልቁለት ግን ኮንቱሮቹን አስጠጋግቶ ኪሎ ሜትሮችን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለምን ቀጥ እንደሚል በቁጥር ማየት ይቻላል። የመለጠጥ ፎልቶች ብዙ ጊዜ 60 ዲግሪ ያህል ያጋድላሉ። እንዲህ ያለ ፎልት 100 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ወደ ጎን የሚሄደው 58 ሜትር ነው። በካርታችን ላይ ይህ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጋራውንም ሸለቆውንም ሲያቋርጥ ለዓይን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ብዙ የተጋደመ ፎልት ከሆነ ግን ሸለቆው ላይ ይታጠፋል። የታጠፈበት ጫፍ በአብዛኛው ፎልቱ ወደሚያጋድልበት ወገን ያመለክታል።

ይህን ለማየት እኔ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አገጬን ወደ ጠረጴዛው አወርድና ዓይኔን ከወረቀቱ ጋር እኩል አደርጋለሁ። ከዚያ ካርታውን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። ከላይ ሲያዩት የተበታተነ የሚመስለው ነገር በአንድ አቅጣጫ ሲደርስ ይሰለፋል። አንዱ ወንዝ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው የጋራ ጫፍ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሌላ ወንዝ ባንድ መስመር ይመጣሉ። ያን ጊዜ እርሳስ አንሥቼ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ምልክት አደርጋለሁ። መስመሩን ወዲያው አላሰምርም። የተሰመረ መስመር ዓይንን ያስገድዳል፤ ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ እሱን የሚደግፍ ይመስላችኋል።

ለዚህም ነው ሥራውን ለሁለት መሥራት የምመክረው። አንዳችሁ ትሬሲንግ ፔፐር ካርታው ላይ አድርጋችሁ ወንዞቹን ብቻ ገልብጡ። ሌላው በሌላ ወረቀት የኮንቱሮቹን መጠጋጋት ብቻ ያውጣ። ሳትነጋገሩ የየራሳችሁን ቀጥ ያሉ ነገሮች ፈልጉ። በመጨረሻ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርባችሁ መስኮት ላይ በብርሃን እዩ። ሁለታችሁም ያገኛችሁት መስመር መከተል ይገባዋል። አንዳችሁ ብቻ ያገኘው ይቆይ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ጎን ለጎን የሚወርዱ ወንዞች ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ሲደርሱ በአንድ ወገን መታጠፍ። ወደ ሜዳው የሚወርዱ ሸንተረሮች ጫፋቸው በቢላ የተቆረጠ ያህል ሦስት ማዕዘን ሆኖ መቅረት። የእሳተ ገሞራ ጉብታዎችና ጉድጓዶች መሰለፍ፤ የቢሾፍቱን ሐይቆችና በዙሪያቸው ቀይ አሸዋ የሚወጣባቸውን ጉብታዎች በቢሾፍቱ አካባቢ ሺቶች ላይ ተመልከቱ። የምንጮች መሰለፍ ደግሞ አለ፤ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

እንጦጦ

በከተማችን ካርታ ላይ ትልቁ ነገር እንጦጦ ነው። የተጠጋጉት ኮንቱሮች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተው የከተማዋን ሰሜን ይዘጋሉ። ዐለቱ ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከምዕራብ ያለው ወጨጫ፣ ከደቡብ ምዕራብ ያለው ፉሪ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ያለው የረር ከእንጦጦ ጋር ሲተያዩ በጣም ልጆች ናቸው፤ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ነው ያላቸው። የእንጦጦ ፎልት ምሥራቅ–ምዕራብ የሚሄድ ነው፤ ወደ ታች የወረደው በደቡብ ያለው ወገን ነው። እኛ የምንኖረው በወረደው ወገን ላይ ነው።

ነገር ግን ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ቀና ብላችሁ የምታዩት ዳገት ራሱ የፎልቱ ገጽ ነው ማለት አይደለም። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ዝናቡ አጥቦታል፤ ወንዞቹ ቆርጠውታል፤ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ካርታውን በደንብ ካያችሁት የኮንቱሮቹ ጥቅል በጥቅሉ ምሥራቅ–ምዕራብ ቢሄድም በየወንዙ እየገባ እየወጣ ነው። ያረጀ ፎልት መልኩ እንዲህ ነው። ከፈንታሌ አካባቢ ሺት ጋር አስተያዩት። እዚያ ያሉት ወጣት ፎልቶች በምላጭ የተበጡ ይመስላሉ፤ እርስ በርሳቸው ጎን ለጎን ሆነው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ልዩ ነገር ልብ በሉ። የስምጥ ሸለቆው ፎልቶች ሰሜን ምሥራቅ–ደቡብ ምዕራብ ናቸው። የእንጦጦው ምሥራቅ–ምዕራብ ነው። ይህ ሁለተኛው አቅጣጫ የእንጦጦ ብቻ አይደለም። ከየረር ተነሥቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል ድረስ የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራና የፎልት ቀጠና ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ የአምቦ ውሃም በዚሁ ቀጠና ላይ ነው የሚወጣው። ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙት እኛ ጋ ነው። በእኔ እምነት ጠርዙ እዚህ ተሰባብሮና ተለሳልሶ የሚታየውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ስለዚህ ቀጥ ያለ ነገር ካርታው ላይ ባገኛችሁ ቁጥር አቅጣጫውን ለኩ። ከሁለቱ ወደ አንዱ ከተጠጋ ያዙት። ከሁለቱም ከራቀ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ በስተቀር አትቸኩሉ።

ፍልውሃ

ፍልውሃ ላይ ደግሞ ኮንቱር ብቻውን አይበቃም። የፍልውሃ ፎልት ሰሜን ምሥራቅ–ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ወገን ነው። ሺቱ ላይ ግን የተጠጋጋ ኮንቱር ፈልጋችሁ ይህ ነው የምትሉት ቁልቁለት አታገኙም። ቦታው ወንዝ ዳር ነው፤ በአፈር ተሸፍኗል፤ ከዚያ በላይ ከተማ ተሠርቶበታል። ያጋለጠው ውሃው ነው።

የዝናብ ውሃ በስንጥቅ ውስጥ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እዚያ ይሞቃል። ሲሞቅ ይቀላልና መውጫ ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው ዐለት ጥብቅ ከሆነ፣ የሚወጣበት የተፈረካከሰው የፎልት ቀጠና ነው። ስለዚህ ሙቅ ምንጭ ባለበት ሁሉ «ይህን ውሃ ማን አወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸውና በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ይኸው ውሃ ነው። አሁን ካርታው ላይ ፍልውሃን ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ሒልተንን ነጥብ አድርጉ፤ የሒልተን መዋኛ ገንዳ ሙቅ ውሃው ከመሬት የሚወጣ ነው። ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ አገናኙ። መስመሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ሁለት ነጥብ ሁልጊዜም መስመር ይሠራልና በዚህ ብቻ ፎልት ተገኘ አይባልም። የስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ፣ ሙቅ ውሃውና ጂኦሎጂስቶች ያዩት ዐለት አንድ ላይ ሲመጡ ግን መስመሩ ክብደት ያገኛል።

ኅዳር ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ወደ ፍልውሃ ሂዱ። ከመታጠቢያው የሚወጣው ውሃ በቦዩ ሲሄድ ጭስ መስሎ ይተናል። እጄን ወደ ቦዩ ሳስጠጋ ያዩኝ አንድ ጥበቃ «ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ምንም አባባ፣ ሙቀቱን እያየሁ ነው» አልኳቸው። «ይኼ እኮ በጋም ክረምትም አንድ ነው» አሉኝ። በጣም የሚጠቅም መረጃ ነው የሰጡኝ። ከላይ የሚመጣ ውሃ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ከጥልቅ የሚመጣ ውሃ ሙቀቱን ይጠብቃል። ስለ ምንጭ ስትጠይቁ ከዓመት ዓመት እዚያ የሚውሉትን ሰዎች ጠይቁ።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ወንዝ የቆረጠው ገደል በጣም ያሳስታል። መለያው ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ዳር እዩ። በወንዝ ሸለቆ ግራና ቀኙ ከፍታው ይመጣጠናል። ፎልት ከሆነ አንዱ ወገን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ፎልትን ተከትሎ የሚሄድ ወንዝም ስላለ ግን በከፍታው ብቻ አትፍረዱ።

የላቫ ጫፍም ቁልቁለት ይሠራል። ላቫ ፈሶ የቆመበት ጠርዝ ክብ ክብ እያለ ይሄዳል እንጂ ቀጥ አይልም። የድንጋይ ካባና የመንገድ ቆረጣ ደግሞ በአሮጌው ሺት ላይ ላይኖር ይችላል። ህዳጉ ላይ ካርታው የተሠራበትን ዓመት አንብቡና ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ።

በስልክና በኮምፒውተር

ሺቱን ማግኘት ያልቻለ ሰው ኦፕን ቶፖ ማፕ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ኮንቱር በነጻ ያያል። ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር መጠቀም የሚችል ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካውን የከፍታ መረጃ አውርዶ ጥላ ያለው ምስል መሥራት ይችላል። አንድ ምክር ብቻ፦ የብርሃኑን አቅጣጫ ቀያይሩ። ብርሃን ከሚመጣበት ጋር አብሮ የሚሄድ መስመር ጥላ ስለማይሠራ ይጠፋል። ሰሜን ምሥራቅ–ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱትን ለማየት ብርሃኑን ከሰሜን ምዕራብ አምጡት። የእንጦጦውን ለማየት ከሰሜን ወይም ከደቡብ። በመሃል ከተማ ግን ይህን መረጃ ብዙ አትመኑት፤ ራዳሩ የሕንፃ ጣሪያንም እንደ መሬት ቆጥሮ ይለካዋል።

በእግር ማረጋገጥ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥታችሁ በጊዮን በኩል ወደ ፍልውሃ፣ ከዚያ በሒልተን አድርጋችሁ ወደ አራት ኪሎ ውጡ። ዳገቱን ካርታው ላይ ካለው ጋር እያስተያያችሁ ሂዱ። በቤተ መንግሥቶቹና በኢሲኤ አካባቢ ግን ካርታ ዘርግቶ መቆም፣ ፎቶ ማንሳትም ሆነ ጂፒኤስ ይዞ መዞር አይሆንም። ቤት አጥንታችሁ ሂዱ፤ እዚያ በዓይናችሁ ብቻ እዩ። ማስታወሻ የምትጽፉት አራት ኪሎ ደርሳችሁ ማኪያቶ አዛችሁ ስትቀመጡ ነው።

ዐለት ለማየት የእንጦጦ መንገድ ይሻላል፤ መንገዱ ሲቆረጥ ጎኑ ተገልጧል። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተፈረካክሶ መልሶ የተጣበቀ፣ ስብርባሪው ሹል ሹል የሆነ ድንጋይ። ሁለተኛ፣ እንደተወለወለ የሚያበራ ገጽ፤ ጣታችሁን ስታሳልፉበት ወደ አንድ አቅጣጫ የተጫረ ጭረት ይሰማችኋል፤ ዐለቱ የተንሸራተተው በዚያ አቅጣጫ ነው። ሦስተኛ፣ ግራና ቀኝ የማይገጥም ንብርብር፤ በግራ በኩል ቀይ የነበረው በቀኝ በዚያው ከፍታ ላይ ግራጫ ከሆነ። ሦስቱም ከሌሉ ያያችሁት ተራ ስንጥቅ ነው። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ካገኛችሁም ፎርማኑን ሰላም ብላችሁ ከላይ ሆናችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ያለ ሄልሜት አትግቡ፤ ከጠርዙም ራቁ።

ያያችሁትን ካርታው ላይ ስታሰፍሩ መስመሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ መናገር አለበት። ዐለቱን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ መንሸራተቱን አረጋግጣችሁ ከሆነ ድፍን መስመር አስምሩ። ከኮንቱርና ከወንዝ አሰላለፍ ገምታችሁ ከሆነ የተቆራረጠ መስመር። በአፈር ወይም በሕንፃ ሥር የተቀበረ ከሆነ ነጠብጣብ። ወደታች በወረደው ወገን ላይ አጭር ጭረት አድርጉ፤ የትኛው ወገን እንደወረደ ካላወቃችሁ ጭረቱን ተዉት። ከጎኑ ቀኑንና ምን አይታችሁ እንዳሰመራችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። መሃል ከተማ ላይ የምታሰምሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። ከፍልውሃ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለውን በድፍን መስመር አስምራችሁ ለጎረቤት እንዳታሳዩ።